ኮዱ ለማንም የሚታይ ሶፍትዌር የአባላትን ገንዘብ ሊጠብቅ ይችላል?

ጠያቂ፦ ጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የኮምፒውተሩን ሥራ ብቻዬን የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ማኅበራችን 1,400 ያህል አባላት ያሉት ሲሆን የቁጠባ፣ የዕጣና የብድር ሒሳቡን እስካሁን በወረቀት ሌጀርና በኤክሴል ይዘን ቆይተናል። ባለፈው ዓመት አንድ ፋይል ተበላሽቶብን የሦስት ሳምንት ወለድ ከደረሰኝ ላይ እየለቀምን እንደገና በእጅ ካሰላን በኋላ ግን የሥራ አመራር ኮሚቴው ሲስተም እንዲገባ ወሰነ።

የቀረቡልን አማራጮች ሁለት ናቸው። አንደኛው አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የሠራው፣ በየዓመቱ የላይሰንስ ክፍያ የሚጠየቅበትና ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ለገዢ የማይሰጥ ሲስተም ነው። ሁለተኛው ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት ታስቦ የተሠራውና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ክፍት ሶፍትዌሮችን የሚያስተዳድረው የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሙሉ ፕሮጀክት የሆነው ፊነራክት የተባለ ሲስተም ነው፤ ላይሰንሱ ነጻ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው፤ ሰርቨሩንና የሚተክለውን ሰው ግን እኛው ማዘጋጀት ይኖርብናል።

ጉዳዩን ለኮሚቴው ባቀረብኩበት ቀን ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት አረጋዊ ሊቀመንበራችን፣ «ኮዱን ማንም የሚያየው ከሆነ ሌባውም ያየዋል ማለት ነው፤ የካዝናችንን አሠራር በአደባባይ ለጥፈን ስናበቃ ገንዘባችሁ ደኅና ነው ብለን ለአባላት እንዴት እንነግራለን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ብዙ ባለሙያ የሚያየው ኮድ ጉድለቱ ቶሎ እንደሚገኝ ለማስረዳት ሞከርኩ። በዚህ ጊዜ የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ያየው ሰው ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ስብሰባውም በዚያው ተበተነ።

የሰው ጥሪት የሚቀመጥበት ነገር ስለሆነ ለአንዱ ወገን ጥብቅና ከመቆሜ በፊት እውነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። የትኛው ነው ይበልጥ የሚታመነው? እምነቱስ የሚመዘነው በምንድን ነው?


መልስ፦ ሰርቨር ክፍል

ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ የሊቀመንበሩ ጥያቄ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በአንድ ባንክ የሰርቨር ክፍል በሠራሁባቸው 11 ዓመታት በሙያው የበሰሉ ሰዎች ሲያነሡት ሰምቻለሁ። ለእርሳቸው ስትመልስ ራሱን የማኅበራችሁን ካዝና ምሳሌ አድርገው። ካዝናው በየትኛው ክፍል እንዳለ፣ የማን ምርት እንደሆነ፣ ሲከፈትም እነማን መገኘት እንዳለባቸው ብዙው አባል ያውቃል፤ ይህን ማወቁ ግን ገንዘቡን አላጋለጠውም፤ በምስጢር የተያዘው ቁልፉ እንጂ የካዝናው አሠራር አይደለምና። ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ የኔዘርላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ጦር ሠራዊት የምስጢር ጽሕፈት ሲጽፍ ያስቀመጠው መርሕ ይኸው ነው፦ አሠራሩ ሙሉ በሙሉ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ እስካልተያዘ ድረስ ምስጢሩ ሊጠበቅ ይገባል። ዛሬ ባንኮች በየዕለቱ የሚጠቀሙበት ኤኢኤስ የተባለው የማመስጠሪያ ስልት እንኳ በ2001 መመዘኛ ሆኖ የጸደቀው፣ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች በግልጽ ተወዳድረውበትና ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው አንዱ የሌላውን ሥራ ለመስበር ሲታገሉ ከቆዩ በኋላ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኮድን መደበቅም ቢሆን ሌባን አያስቀርም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍና የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ቀጠሮ ሲያሰርዝ የገባው በዊንዶውስ ክፍተት ነበር፤ የዊንዶውስ ኮድ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አያውቅም። ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን በማርች 14 አውጥቶ ነበር፤ ጥቃቱ የተጀመረው በሜይ 12 ነው። በመካከሉ ሁለት ወር ገደማ አለ፤ የተጠቁትም በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ያላዘመኑት ናቸው።

የቁጥጥር ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ጥያቄ ግን ከሊቀመንበሩ ጥያቄ ይከብዳል፤ አንተም መልስ ማጣትህ ሊያሳፍርህ አይገባም። ኦፕንኤስኤስኤል በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ግንኙነታቸውን የሚያመሰጥሩበት ክፍት ሶፍትዌር ነው። በማርች 2012 በወጣው ዕትሙ አንድ ስሕተት ተካቶ ወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ኮምፒውተር ሰርቨሩን «ይህን ቃል መልስልኝ፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው» ይለዋል፤ ሰርቨሩም የተባለውን ርዝመት ሳያረጋግጥ ይመልሳል። አጥቂው አንዲት ፊደል ልኮ ርዝመቷን በሐሰት ሲያበዛ፣ ሰርቨሩ የጎደለውን ከራሱ ሜሞሪ እየዘገነ በአንድ ጊዜ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ ያስረክበዋል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ፓስወርድም ምስጢራዊ ቁልፍም ሊኖር ይችላል። ይህ ሃርትብሊድ የተባለው ስሕተት ማንም በሚያየው ኮድ ውስጥ ለሁለት ዓመት ተቀምጦ ይፋ የሆነው በአፕሪል 7 ቀን 2014 ነው። ከዚያ ሲጠየቅ፣ ያን ሁሉ ሸክም የተሸከመው ፕሮጀክት በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ያህል፣ ሙሉ ጊዜውን የሚሰጠው ገንቢም አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ታወቀ። ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ትቶት ነበር።

ስለዚህ ኮዱ ሊታይ መቻሉና መታየቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ፊነራክት ስትጠይቅም ለኮዱ የሚሠሩት እነማን እንደሆኑ፣ የመጨረሻው ዕትም መቼ እንደወጣ፣ ቀደም ሲል የተገኙበት ክፍተቶች ይፋ ከሆኑ በኋላ በስንት ቀን እንደተደፈኑ ተመልከት። ክፍተት ተገኝቶበታል፤ በዳታቤዝ ጥያቄ ውስጥ ትእዛዝ ሾልኮ እንዲገባ የሚያደርግ ዓይነትም ነበረበት፤ ሆኖም ፋውንዴሽኑ በይፋ አስታውቆ ነው የዘጋው። የአዲስ አበባውን ድርጅት እንዲህ ያለ መዝገብ እንዲያሳይህ ጠይቀው። «ክፍተት ተገኝቶብን አያውቅም» ካለህ የፈለገ ሰው አልነበረም ማለት ነው።


መልስ፦ ሒሳብ ሹም

እኔ የኮድ ሰው አይደለሁም፤ ለረጅም ዓመታት የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ዘግቻለሁ። እርስዎ ብቻዎን እንደሚሠሩ ጽፈዋል። ሰኔ 30 ሌሊት ሚዛኑ አልታረቅ ሲል፣ እርስዎም ታመው ተኝተው ቢሆን፣ ገንዘብ ያዧ ለማን ትደውላለች? ነጻ ሶፍትዌር በራሱ ከስልክ ማዶ የሚጠይቁት ሰው የለውም፤ ውል የገባ ድርጅት ግን ቢያንስ በውሉ ይጠየቃል። ስለዚህ እኔ የምመክረው የሚከፈልበትን ነው፤ የምመክረው ግን ውሉ በደንብ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ቀደም ሲል በነበርኩበት ማኅበር ሲስተም የሸጠልን ድርጅት በሁለት ዓመት ውስጥ ተዘጋ። ዳታቤዙ በእኛው ሰርቨር ላይ፣ በእኛው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ፓስወርዱ ግን በእነርሱ እጅ ብቻ ስለነበር የገዛ አባሎቻችንን ቀሪ ሒሳብ ከስክሪን ላይ አንድ በአንድ ገልብጠን ወደ ወረቀት መለስነው። አርባ ቀን ፈጀብን። አባላት ደብተራቸውን ይዘው መስኮቱ ላይ ሲሰለፉ የምንመልስላቸው አልነበረንም፤ ያን ሰልፍ ዛሬም አልረሳውም።

በውሉ ውስጥ እነዚህ በግልጽ ይግቡ፦ የዳታቤዙ ፓስወርድ ለማኅበሩ በታሸገ ፖስታ ይሰጥ፤ ሙሉው መረጃ በየወሩ በሌላ ፕሮግራም ሊነበብ በሚችል ፋይል ይውጣ፤ ድርጅቱ ቢዘጋ ለማኅበሩ እንዲሰጥ ኮዱ በሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ ይቀመጥ። የአባላት ስም፣ ስልክና የብድር ታሪክ የግል መረጃ መሆኑን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛው አቆጣጠር ነው) ከወጣ ወዲህም ኃላፊነቱ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ለኮሚቴዎ ያስታውሱ። ሶፍትዌሩ ክፍትም ይሁን ዝግ መረጃውን ከአባላቱ የተቀበለው ማኅበሩ ነው።


መልስ፦ ከሙኒክ

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ፣ ኮዱ ግን ክፍት የሆነ ሲስተም ነው፤ ለአንዱ የሊኑክስ ስርጭት በትርፍ ጊዜዬ ፕሮግራሞችን አዘጋጃለሁ፤ ስለዚህ «ያየው ሰው ስሙ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመለከተው እኔን የመሰለውን ሰው ነው። እስካሁን በተጻፈው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ውይይቱ ኮዱን ማን ያየዋል በሚለው ላይ ብቻ ቆሞ እንዳይቀር አንድ ታሪክ በዝርዝር ላንሣ።

ኤክስዜድ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይገኛል። ለብዙ ዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር፤ ያለ ክፍያ። በ2021 ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ አንድ እንግዳ መጥቶ ማስተካከያ መላክ ጀመረ፤ ሥራውም ደህና ሥራ ነበር። በመካከሉ ማንነታቸው ያልታወቀ ሌሎች ጸሐፊዎች ብቅ እያሉ ባለቤቱን «ሥራው ዘገየ፣ ለሚችል ሰው አስረክብ» እያሉ ወተወቱት፤ እንግዳውም ቀስ በቀስ አዲስ ዕትም እስከ ማውጣት የሚደርስ ሥልጣን አገኘ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2024 በወጣው 5.6.0 እና ተከትሎት በወጣው 5.6.1 ውስጥ፣ አንድ የተወሰነ ቁልፍ የያዘ ሰው ኤስኤስኤች በተባለው የሰርቨር የርቀት መግቢያ በኩል ገብቶ ሰርቨሩን እንደ ልቡ እንዲያዝ የሚያስችል ስውር በር ተከለ።

የተገኘው እንዴት ነው? የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢና የማይክሮሶፍት ሠራተኛ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ በማሽኑ ላይ ፍጥነት እየለካ ሳለ፣ የኤስኤስኤች መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየና ፕሮሰሰሩን ያለ ምክንያት እንደሚያደክም ልብ አለ። ብዙ ሰው ኔትወርኩ ነው ብሎ የሚያልፈው ነገር ነው። እርሱ ግን የክሩን ጫፍ ይዞ ሲተረትር ኤክስዜድ ላይ ደረሰ፤ ዓርብ ማርች 29 ቀን 2024 ያገኘውን ለዓለም አሳወቀ። ያን ጊዜ የተበከለው ዕትም የገባው ዴቢያንና ፌዶራን በመሳሰሉ የሊኑክስ ስርጭቶች በአብዛኛው ገና በሙከራ ላይ በነበሩ ዕትሞች ነበር፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ወደሚጠቀሙባቸው የረጉ ዕትሞች አልደረሰም። ለሰብሳቢዋ እንግዲህ አንድ ስም አለኝ። ነገር ግን ይህ ሰው ኮዱን እያነበበ አልነበረም፤ ማንበብ የቻለው ከጠረጠረ በኋላ ነው፤ ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬውን ይዞ ከመቅረት በቀር ብዙ ርቀት መሄድ ባልቻለም ነበር።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። ስውር በሩን የሚቀሰቅሰው ትንሽ ስክሪፕት በይፋዊው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ለአውራጆች ታሽጎ በተዘጋጀው ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። ዓይን ሁሉ የሚመለከተው አንድ ቦታ፣ ሰው የሚጭነው ፋይል የተዘጋጀው ግን ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሶላርዊንድስ በተባለው የአሜሪካ የሶፍትዌር ድርጅት ላይ ከደረሰው ጋር አስተያዩት። ኦሪዮን የተባለው የኔትወርክ መቆጣጠሪያቸው ኮዱ ዝግ ነው። ሰርጎ ገቦች ድርጅቱ ፕሮግራሙን በሚገነባበት ማሽን ላይ ተቀምጠው፣ ግንባታው ሲጀመር አንዱን ፋይል በራሳቸው ይተኩት ነበር፤ ውጤቱም በድርጅቱ ትክክለኛ ዲጂታል ፊርማ ታትሞ ከማርች 2020 ጀምሮ እንደ መደበኛ ማዘመኛ ተሠራጨ። 18,000 ያህል ደንበኞች ተቀበሉት፤ ከእነዚህም መካከል የአሜሪካ የገንዘብና የንግድ ሚኒስቴሮች ጥቃቱ ደርሶባቸዋል። በዲሴምበር 2020 ያጋለጠው ራሱ የተጠቃው ፋየርአይ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ነው። አንዱ ክፍት፣ ሌላው ዝግ፤ የተወጉት ግን በአንድ ቦታ ነው፦ በኮዱና በምትጭኑት ፋይል መካከል።

ዴቢያንን የመሰሉ ማኅበረሰቦች ከ2013 ወዲህ በዚህ ክፍተት ላይ እየሠሩ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በየማሽናቸው ከአንድ ኮድ አንድን ፕሮግራም ይገነባሉ፤ ውጤቱ ባይት በባይት አንድ ካልሆነ አንድ ሰው በመካከል ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ይመረመራል። ከሻጩ ውጭ ያለ ሰው ይህን ማድረግ የሚችለው ኮዱ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው፤ ለእኔ ክፍት ሶፍትዌር ከዝግ የሚበልጥበት ትልቁ ነጥብ ይህ ነው።

ስለ ፋይሉ አመጣጥ መጨነቄ በእኛው ወገኖች ላይ ከደረሰው የተነሣ ጭምር ነው። በዲሴምበር 2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአዶቤ ፍላሽ (በድረ ገጽ ላይ ቪዲዮ የሚያሳየው ፕሮግራም) ማዘመኛ መስሎ የተዘጋጀ የስለላ ፕሮግራም በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው እንደነበር አሳይቷል። የሚያውቁት የፕሮግራም ስም ስለነበረ ብቻ የጫኑት ነበሩ።

ፊነራክትን የምትሞክሩ ከሆነ ፋይሉን ከአፓቼ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ ከጎኑ የተቀመጡትን ፊርማና የሻ 512 አሻራ (ከፋይሉ የሚሰላ፣ ፋይሉ ቢነካ የሚለወጥ መለያ) አመሳክሩ። አሻራው 128 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ለአንድ ሰው አሰልቺ ቢሆንም ሁለት ሰው አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል።


መልስ፦ ፒያሳ ጥገና

ከሙኒክ የተጻፈው እውነት ነው፤ ነገር ግን ደሴም ሆነ አዲስ አበባ መካከል ላይ የሚገባው እጅ እንደ ጂያ ታን ለዓመታት መድከም አያስፈልገውም። እኛው ነን በሩን የምንከፍትለት። በምጠግንባቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ዊንዶውስም ኦፊስም በአብዛኛው በክራክ፣ ማለትም ላይሰንስ ሳይገዛ ፕሮግራሙን በሚከፍት ሕገ ወጥ መሣሪያ፣ አክቲቬት የተደረገ ነው። ክራኩ የሚመጣው በዚፕ ታሽጎ ነው፤ ከውስጡ ያለው የጽሑፍ ፋይል መጀመሪያ የሚያዘው የዊንዶውስን ጸረ ቫይረስ ዲፌንደርን እንድታጠፉ ነው፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙን በአድሚን ሥልጣን ክፈቱ ይላል። ጠባቂውን ከቤት አስወጥቶ፣ ማንነቱን ለማያውቁት ሰው ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አፕዴት እንዲቆም ይደረጋል፤ ክራኩ እንዳይነቃበት ተብሎ። ከላይ የተነገረው የዋናክራይ ዓይነት አደጋ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ማሽን ነው።

አንዱ ሴትአፕ በፍላሽ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ይውላል፤ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ስሙ የማይክሮሶፍት ቢሆንም በማሽናችሁ ላይ ያለው ማይክሮሶፍት የሠራው አይደለም። ወንድሜ፣ ሲስተም ከመምረጥህ በፊት ያሉህን ማሽኖች ፈትሽ። ዲፌንደር ውስጥ ገብተህ እንዳይፈተሹ የተደረጉትን ፎልደሮች ዝርዝር ተመልከት። ሙሉው ሲ ድራይቭ እዚያ ተመዝግቦ ያየሁበት ጊዜ አንድ ሁለት አይደለም።


ጠያቂ፦ ጦሳ ሥር

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመለሳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ያሉንን 6 ኮምፒውተሮች ፈተሽኩ። አራቱ በክራክ አክቲቬት የተደረጉ ናቸው። የገንዘብ ያዧ ማሽን ላይ፣ ፒያሳ ጥገና እንዳለው፣ ሙሉው ሲ ድራይቭ ከፍተሻ ውጭ ሆኖ አገኘሁት፤ ዊንዶውሱም ከተጫነ ጀምሮ ተዘምኖ አያውቅም። የሦስት ሳምንቱ ወለድ የጠፋበት የኤክሴል ፋይል የተቀመጠው እዚያው ማሽን ላይ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ ለመናገር ማስረጃ የለኝም፤ ነገሩን ግን ለሊቀመንበሩ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ።

የአዲስ አበባውን ድርጅት ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩት። መረጃው በየወሩ ሊነበብ በሚችል ፋይል ይወጣል ወይ ላልኩት አዎ አለኝ። እስከ ዛሬ የተገኙ ክፍተቶች መዝገብ አለ ወይ ላልኩት የለም አለኝ። ማዘመኛው ሲወጣ ማን ፈርሞበት በምን ይደርሰናል ስለው፣ ሠራተኛቸው በፍላሽ ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። ሒሳብ ሹም የጠቀሱትን የአደራ ነገር በውሉ ለማስገባት ፈቃደኛ መሆኑን ግን ገልጿል፤ ይህን ለእርሱ ማለት ይገባኛል።

ፊነራክትን በአንድ ባዶ ማሽን ላይ ለሙከራ ጫንኩት። የቁጥጥር ኮሚቴዋ ሰብሳቢ አጠገቤ ተቀምጣ አሻራውን ከድረ ገጹ ላይ ስታነብልኝ እኔ በስክሪኑ ላይ ተከተልኩ፤ መቶ ሃያ ስምንቱም ገጠመ። መጀመሪያ የሚገባበት የተጠቃሚ ስም «ሚፎስ»፣ ፓስወርዱም «ፓስወርድ» መሆኑን ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ፤ «ይህንንስ ስንት ማኅበር እንዲሁ ትቶት ይሆን?» አለች። እዚያው ቀየርነው፤ አዲሱን ግማሹን እርሷ፣ ግማሹን እኔ ጻፍን።

የሲስተሙ ምርጫ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል። ለዘንድሮ ከተያዘው በጀት ውስጥ አስቀድሞ ለስድስቱም ማሽኖች ሕጋዊ ዊንዶውስ እንዲገዛ ሊቀመንበሩ ፈርመዋል፤ የገንዘብ ያዧ ኮምፒውተርም ከትናንት ጀምሮ ከኔትወርክ ተነቅሎ በወረቀት ሌጀር እየሠራን ነው።